ለጉበት ሕመምተኛ ከአውሮፕላን ቲኬቱ በፊት የሚያስፈልገው

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ለጉበት ንቅለ ተከላ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ቤተሰቦችን ጥሪ በጋዜጣም በማኅበራዊ ሚዲያም ማየት ተለምዷል። ወገን ለወገኑ መድረሱ ያኮራናል። የሚያሳስበን ከጥሪው ጋር አብሮ የሚዛመተው እምነት ነው፤ ጉበቱ የደከመ ሰው ወይ ውጭ አገር ይሄዳል ወይ ይሞታል፣ እዚህ የሚደረግለት ነገር የለም የሚለው። እኛ ሐዋሳ ውስጥ በፅኑ ሕሙማን ሕክምና የምንሠራ ሐኪሞችና ነርሶች ነን። ይህ እምነት ከቤተሰብ አልፎ የሕክምና ባለሙያውን እጅ ሲያስር ሰው ይገድላልና ይህን ደብዳቤ ጻፍን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው የመድኃኒት መጠኖች ለባለሙያ የተጻፉ ናቸው፤ ቤት ውስጥ የሚሞከሩ አይደሉም።

ጉበቱ በድንገት ሥራ ያቆመ ሰው ቶሎ ከሚያጣቸው ነገሮች አንዱ የደም ስኳር ነው። ምግብ በማንበላባቸው ሰዓታት ስኳር እየለቀቀ የሚያቆየን ጉበት ነውና፣ እሱ ሲዝል ስኳሩ ሌሊት ላይ ማንም ሳያየው ይወርዳል። ሕመምተኛው ቀድሞም የሚያንቀላፋና ግራ የሚጋባ ስለሆነ ራሱን ሲስት በሽታው ጠናበት ተብሎ ይታለፋል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጣቱን ወግታ በአንዲት ስትሪፕ የለካች ነርስ ግን መለኪያው 38፣ ማለትም በጣም የወረደ ስኳር፣ ሲያሳያት ምን እንደምታደርግ ታውቃለች። 40 በመቶ ግሉኮስ 50 ሚሊ ሊትር ያህል በደም ሥር ትሰጣለች፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግማ ትለካለች፣ ከዚያም የማያቋርጥ ባለ10 በመቶ ግሉኮስ ትቀጥላለች። ልኬቱ በየሰዓቱ፣ ቢዘገይ በየሁለት ሰዓቱ መሆን አለበት። እዚህ ላይ ደጋግሞ የሚፈጸም ስሕተት አለ፤ ባለ5 በመቶውን ግሉኮስ ሊትር በሊትር ላይ ማንጠልጠል። ሰውነት ስኳሩን ሲጠቀምበት የሚቀረው ውሃ ነው። የደም ሶዲየም ይወርዳል፣ ለማበጥ ሰበብ የሚፈልገው አንጎልም ያብጣል።

የአንጎሉን ነገር ካነሳን፣ መሣሪያ የማይጠይቅ ምርመራ አለ። ሕመምተኛውን እጆችዎን ወደ ፊት ይዘርጉ፣ መኪና እንደሚያስቆም ትራፊክ መዳፍዎን ወደ ላይ ቀና ያድርጉ ማለት ነው። እጁ እንደ ወፍ ክንፍ ዝቅ ከፍ እያለ ከተርገበገበ ጉበቱ ያላጣራው መርዝ አንጎሉ ደርሷል። በየጠዋቱ ስሙን በአንድ ወረቀት ላይ ማስጻፍም እንዲሁ ይጠቅማል፤ የዛሬው ፊርማ ከትናንቱ ሲጣመምና ከመስመር ሲወጣ ለውጡ ለዓይን ይታያል። ቀን ተኝቶ ሌሊት የሚነቃ መሆኑን ደግሞ ከሐኪሙ ቀድሞ የሚያውቀው አስታማሚው ነው፤ ሊጠየቅ ይገባል።

የዚህ ግራ መጋባት ሕክምና ላክቱሎስ የሚባለው ሰገራ የሚያለሰልስ ሽሮፕ ነው። ሰገራ እስኪወጣ ድረስ 30 ሚሊ ሊትር በየአንድ ወይም ሁለት ሰዓቱ፣ ከዚያ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለስላሳ ሰገራ እንዲኖር መጠኑን ማስተካከል። መዋጥ ካልቻለ 300 ሚሊ ሊትሩን ከ700 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር ቀላቅሎ በፊንጢጣ መስጠት ይቻላል። ሲበዛም ይጎዳል፤ በቀን ስምንት ጊዜ የሚያስቀምጠው ሕመምተኛ ውሃው አልቆ ኩላሊቱ ይጎዳል፣ ግራ መጋባቱም ይብስበታል። ላክቱሎስ እየተሰጠ ምክንያቱ ካልተፈለገ ደግሞ ድካሙ ከንቱ ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የተደበቀ ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽን፣ ድርቀት፣ የፖታሲየም ማነስ ወይም ተረበሸ ተብሎ የተሰጠ ማረጋጊያ መድኃኒት፣ ዳይዜፓም ነው። ይህን የመጨረሻውን አጥብቀን እንቃወማለን። ጉበቱ የደከመ ሰው ዳይዜፓምን ለማስወገድ ቀናት ይፈጅበታል፤ የሚያደነዝዘው በሽታው ይሁን መርፌው መለየት አይቻልም። ሲጠሩት የማይነቃ ደረጃ ከደረሰ ትውከቱ ሳንባው ሳይገባ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት፣ ራስጌውን 30 ዲግሪ ከፍ ማድረግ፣ ድንገተኛ የጉበት ድክመት ከሆነም ሶዲየሙን ከ145 እስከ 150 ማቆየት ያስፈልጋል።

የፓራሲታሞል ብዛት ያመጣው ድንገተኛ የጉበት ድክመት ማርከሻ አለው፤ ኤን-አሴቲልሲስቲን። በኪሎ 150 ሚሊ ግራም በመጀመሪያው አንድ ሰዓት፣ 50 ሚሊ ግራም በቀጣዩ 4 ሰዓት፣ 100 ሚሊ ግራም በ16 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። 50 ኪሎ ለምትመዝን ሴት 7.5፣ 2.5 እና 5 ግራም፣ በድምሩ 15 ግራም መሆኑ ነው። መርፌው ከጠፋ በፋርማሲ አክታ ለማቅጠን የሚሸጠው ዱቄት ያው መድኃኒት ነው፤ በኪሎ 140 ሚሊ ግራም ጀምሮ በየ4 ሰዓቱ በኪሎ 70 ሚሊ ግራም በአፍ ይሰጣል። ክኒኖቹ በተዋጡ በ8 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ውጤቱ እጅግ ጥሩ ነው። መርፌው የለም ተብሎ ሕመምተኛ ባዶ እጁን ሪፈር መጻፍ አይገባም። በቲቢ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ደግሞ የወፍ በሽታ ነው ብሎ ሥር ፍለጋ ከመሄድ በፊት መድኃኒቱን ይዞ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መድረስ አለበት።

ሥር ሰዶ የቆየ የጉበት በሽታ፣ ሲሮሲስ ያለበት ሰው ፅኑ ሕሙማን ክፍል የሚገባው ብዙ ጊዜ ደም አስታውኮ ነው። በምግብ ቧንቧው ያበጠው ደም ሥር ሲፈነዳ ቤተሰብ የሚያየው ሳፋ ሙሉ ደም ነው፤ ደንግጦ ደም ስጡት ይላል። ደም ይሰጣል፣ ግን የደም ማነስ መለኪያው ሄሞግሎቢን 7 እና 8 መካከል እስኪደርስ ብቻ። ከዚያ በላይ መሙላት ወደ ጉበት በሚገባው ደም ሥር ያለውን ግፊት ጨምሮ የቆመውን እንደገና ያፈነዳዋል። ኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ የሚደረግ ምርመራ) ሳይጠበቅ ይህን ግፊት የሚቀንሰው ኦክትሬኦታይድ 50 ማይክሮ ግራም በአንዴ፣ ከዚያ በየሰዓቱ 50 ይቀጥላል። ሴፍትሪያክሶን 1 ግራም በቀን ይጨመራል፤ ደም የፈሰሰው የሲሮሲስ ሕመምተኛ ኢንፌክሽን ሲይዘው የመሞት ዕድሉ ይጨምራልና ይህ አንቲባዮቲክ ሕይወት ያተርፋል። የደም ግፊቱ እንደተረጋጋ በ12 ሰዓት ውስጥ በኢንዶስኮፒ ደም ሥሩን በላስቲክ ማሰር ነው። ደም የማያቆምበትን ሰው በፊኛ ቱቦ ተጭኖ ማቆየት ይቻላል፣ ቢበዛ ለ24 ሰዓት፤ ከዚያ ካለፈ ፊኛው ራሱ ሥጋውን ያቆስለዋል።

ስለ ፕላዝማም፣ ማለትም ስለ ደም ፈሳሽ ክፍል፣ አንድ ነገር እንበል። የደም መርጋት መለኪያው አይኤንአር 3 ወይም 4 ሲል ደም የማይፈሰው ሰው ላይ ፕላዝማ ማፍሰስ የተለመደ ነው። ቁጥሩ ለጥቂት ሰዓታት ያምራል፣ ሳንባው በውሃ ይሞላል፣ ጉበቱ እያገገመ ወይም እየሞተ መሆኑን የሚነግረን ዋናው ምልክትም ይጠፋል። ሆዱ ውሃ የቋጠረን ሰው በመርፌ ለመቅዳትም ፕላዝማ አይጠበቅም። ያ ውሃ ሕመምተኛው ሆስፒታል በገባበት ቀን መመርመር አለበት። 10 ሚሊ ሊትሩ እዚያው አልጋው አጠገብ ጀርም ወደሚበቅልበት የካልቸር ጠርሙስ ይገባል፤ በስሪንጅ ወደ ላቦራቶሪ ተልኮ ቆይቶ ቢዘራ ጀርሙ ብዙ ጊዜ አይበቅልም። ቆጠራው ላይ ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ በአንድ ማይክሮ ሊትር 250 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ትኩሳት ባይኖርም ሕክምናው ይጀመራል። ኩላሊቱን ለማዳን ከአንቲባዮቲኩ ጋር አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን ይሰጣል፤ በመጀመሪያው ቀን በኪሎ 1.5 ግራም፣ በሦስተኛው ቀን 1 ግራም። ባለ20 በመቶው የ50 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 10 ግራም ይይዛል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 9 ጠርሙስ፣ ከዚያም 6 ጠርሙስ ማለት ነው። ውድ ነው፤ ቤተሰብ ከውጭ ገዝቶ እንዲያመጣ ሲታዘዝ ሁለት ጠርሙስ ይዞ ይመለሳል። ሆስፒታሎች በጀት ሲይዙ ከአዲስ ማሽን በፊት አልቡሚን፣ ኦክትሬኦታይድ፣ ላክቱሎስና የስኳር ስትሪፕ ሳይቋረጡ እንዲኖሩ እንዲያስቡ የምንለምነው ለዚህ ነው።

በምግብ ላይም ሰዉ በተሳሳተ ምክር ይራባል። ለጉበት ሕመምተኛ እንቁላልና ሥጋ ክልክል ነው የሚለው የቆየ ምክር ጡንቻውን ያሟሽሻል፤ ጡንቻ ደግሞ ጉበቱ ያቃተውን አሞኒያ የተባለ መርዝ የሚያስወግድ ረዳት ነው። በቀን በኪሎ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ሽሮው፣ ምስሩ፣ እንቁላሉ፣ ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የመጣው ቆሮሶ ዓሣ ሁሉ ይሆናል፤ ዓሣው ግን በደንብ የበሰለ እንጂ ጥሬው አይደለም። ከመተኛቱ በፊት አንድ መክሰስ መብላቱ ሌሊቱን ያሻግረዋል። ለሕመም ማስታገሻ ዳይክሎፌናክ መወጋት ኩላሊቱን ይገድለዋል፤ በቀን ከ2 ግራም ያልበለጠ ፓራሲታሞል ይሻለዋል።

ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሕመምተኛው የሚላክ ከሆነ ደሙ ሳይቆም፣ ቱቦ የሚያስፈልገው ሳይገባለት አምቡላንስ ላይ አይጫን። ሻሸመኔን ሳያልፍ ትውከት ሳንባው ከገባ የሚቀበለው ክፍል የሚያደርግለት ጥቂት ነው። ባትሪ ያለው የመድኃኒት ፓምፕ፣ የስኳር መለኪያና አልጋ መኖሩን ያረጋገጠ የስልክ ጥሪ ከሪፈር ወረቀቱ እኩል አስፈላጊ ናቸው።

ወደ ንቅለ ተከላው እንምጣ። አገራችን በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ጀምራለች። ጉበት ግን ሌላ ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው በዲያሊሲስ ዓመታት መጠበቅ ይችላል፤ ለጉበት እንዲህ የሚያቆይ ማሽን የለም። ስለዚህ ትልቁ ሀብት ጊዜ ነው፣ እሱም የሚባክነው ገና በተመላላሽ ክፍል ነው። ሆዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ የቋጠረ፣ ደም ያስታወከ፣ ግራ የተጋባ ወይም በቢሊሩቢን፣ በክሬአቲኒን፣ በአይኤንአርና በሶዲየም የሚሰላው የሜልድ ነጥቡ 15 የደረሰ ሰው ስለ ንቅለ ተከላ በዚያው ሳምንት ሊነገረው ይገባል። በመተንፈሻ ማሽን ላይ ከሆነ በኋላ የሚጀመር የገንዘብ ማሰባሰብ አብዛኛውን ጊዜ ይዘገያል። የጉበት ካንሰር ያለበት ሰው ደግሞ እብጠቱ አንድ ሆኖ ከ5 ሳንቲ ሜትር ካልበለጠ፣ ወይም ከሦስት የማይበልጡ ሆነው እያንዳንዳቸው ከ3 ሳንቲ ሜትር ካልበለጡ፣ ደም ሥርም ካልገባ ነው ንቅለ ተከላው በእጅጉ የሚጠቅመው። ይህ ቤት ንብረት ከመሸጡ በፊት በሲቲ ስካን መታወቅ አለበት።

በሕይወት ሳለ ከጉበቱ ከፍሎ የሚሰጠው ለጋሽ ጤናማ፣ የደም ዓይነቱ የሚስማማ፣ ጉበቱ ስብ ያልበዛበት መሆን አለበት። ለትልቅ ሰው ሲሰጥ ብዙውን ጊዜ የቀኙ ክፍል፣ ከጉበቱ 60 በመቶ ያህሉ ይወሰዳል፤ ለለጋሹ ቢያንስ 30 በመቶ መቅረት አለበት። የቀረው በወራት ውስጥ ያድጋል፣ ቀዶ ሕክምናው ግን ለለጋሹም የሞት አደጋ ስላለው ይህ ሳይሸፋፈን ለብቻው ሊነገረው ይገባል። ሕንድ ከውጭ ከሚመጣ ለጋሽ ዝምድናው በኤምባሲ የተረጋገጠ ማስረጃ ትጠይቃለች።

ከተመለሱ በኋላስ? ሰውነት አዲሱን ጉበት እንዳያጠቃ የሚከላከለው ታክሮሊመስ በየ12 ሰዓቱ ዕድሜ ልክ ይወሰዳል። በደም ውስጥ ያለው መጠን የሚለካው ከጠዋቱ ክኒን በፊት በተቀዳ ደም ነው፤ ክኒኑ ተውጦ ከተቀዳ ቁጥሩ ያሳስታል። ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን መጠኑን አውርዶ አዲሱን ጉበት ያስጠቃዋል፤ ክላሪትሮማይሲን በተቃራኒው ወደ መርዝነት ያደርሰዋል። በሄፓታይተስ ቢ ጉበቱን ያጣ ሰው የቫይረሱን መድኃኒት አያቋርጥም። ቁርጥና ጥሬ ክትፎ ደግሞ የለም።

ለእናንተ ያለን ጥያቄ ይህ ነው። የእርዳታ ጥሪ ስታትሙ ቤተሰቡን ሦስት ነገር ጠይቁልን፤ የጉበት ስፔሻሊስት ያየው መቼ ነው፣ ለጋሹ ተመርምሯል ወይ፣ ከተመለሰ በኋላ ታክሮሊመሱን ከየት ይገዛል፣ መጠኑንስ የት ያስለካል? ሦስተኛው መልስ ካልተገኘለት ከሚሰበሰበው ገንዘብ ላይ የመጀመሪያው ዓመት መድኃኒት ተለይቶ እንዲቀመጥ ንገሯቸው።

ከአክብሮት ጋር
በፅኑ ሕሙማን ሕክምና የምንሠራ ሐኪሞችና ነርሶች
ሐዋሳ