ለሳይንስ አማካሪ ቦርድ አባላት፦ ከስብሰባው በፊት

ውድ አባላት፣

ለስብሰባው የሚቀርበው መረጃ ከ10 ቀን በፊት ይደርሳችኋል። ስላይዱን ከማየታችሁ በፊት እባካችሁ ጥሬውን መረጃ ክፈቱ። አማካይ ብቻ የያዘ ግራፍ ብዙ ነገር ይደብቃል።

ከሁሉ በላይ አንድ ነገር አጥብቃችሁ ጠይቁ፦ «ሙከራው 3 ጊዜ ተደግሟል» ሲባል ምን ማለት ነው? ከአንድ ፍላስክ (የሴል ማሳደጊያ ጠርሙስ) የወጡ ሴሎች በአንድ ፕሌት (ትንንሽ ጉድጓዶች ያሉት የሙከራ ሳህን) ላይ በ3 ጉድጓድ ቢከፈሉ የሚለካው የፒፔት (የፈሳሽ መመጠኛ መሣሪያ) አያያዝ ነው። እንደ ድግግሞሽ የሚቆጠረው በተለያየ ቀን፣ ለየብቻ ከተዘጋጁ ሴሎች የተገኘ ውጤት ነው። ሴሎቹ ከማይኮፕላዝማ ነጻ መሆናቸው መመርመሩንም አትለፉ፤ ይህ ባክቴሪያ የሴል ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊን አይነካውም፣ በተለመደው የላብራቶሪ ማይክሮስኮፕም አይታይም፣ ውጤቱን ግን ያዛባል።

ፕሮጀክት የሚቆምበት መስፈርት ሙከራው ሳይጀመር በጽሑፍ ይስፈር። ውጤት ከታየ በኋላ የሚወጣ መስፈርት ወደ መቀጠል ያደላል። ያልተሳኩ ሙከራዎችም እንዲቀርቡ ጠይቁ፤ ምክራችሁ ይበልጥ የሚያስፈልገው እዚያ ነው።

በተፎካካሪ ድርጅት አክሲዮን ወይም የማማከር ውል ያላችሁ አጀንዳው ሳይከፈት አሳውቁ፤ በዚያ ነጥብ ላይ ከውይይቱ ትወጣላችሁ። የፓተንት ማመልከቻ ያልገባበትን ግኝት በአደባባይ መናገርም መብቱን ሊያሳጣ ይችላል፤ ለኮንፈረንስ የምታዘጋጁትን ጽሑፍ አስቀድማችሁ አሳዩን።