ለአዘዞ ዳገትና ለደባርቅ መንገድ

ጎንደር፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለሙላት፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እማማስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ስንት ጊዜ ድምፅህ ጠፍቶ ደብዳቤህ ሲደርሰኝ የተሰማኝን ደስታ በጽሑፍ አልችለውም። ከጥምቀት በፊት ጠቅልለህ ጎንደር ልትገባ፣ አዘዞ ቤት ተከራይተህ ፒያሳ ለሥራ በብስክሌት ልትመላለስ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን ደግሞ ጎርጎራና ደባርቅ ድረስ ልትሄድባት እንዳሰብክ ጽፈሃል። እሰይ! የሌላውን ወሬ ስንገናኝ ቡና ላይ እናወጋዋለን። ብስክሌቷ ላይ ግን ከመምጣትህ በፊት መደረግ ያለበት ስላለ ዛሬውኑ ልጻፍልህ።

ገንዘብ ሲገኝ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ቦርሳና መብራት ነው። ለጎንደር ግን ቅድሚያ የሚሰጠው ለማርሹ፣ ለፍሬኑና ለኋላ ቸርኬው ነው። ቴላዮዋ (ዋናው አካሏ) ብረት ነው ማለትህ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው፤ ብረት ቢሰነጠቅ የትም ከተማ ያለ በያጅ ይይዘዋል፣ አሉሚኒየም ግን በተራ ብየዳ አይሆንም።

ከማርሹ ልጀምር። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ጠዋት ጠዋት ሽቅብ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,133 ሜትር ላይ ናት፣ ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ፤ በመካከሉ ያለው 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ግን እየወጣ እየወረደ ስለሚሄድ እግርህ የሚወጣው ዳገት ከሁለቱ ልዩነት እጅግ ይበልጣል። ያንተ የፊት ጥርስ 24፣ 34 እና 42 ነው ብለሃል፤ የኋላው ባለ 7 ማርሽ ደግሞ ከ14 እስከ 28። በባለ 26 ጎማ፣ በትንሿ የፊትና በትልቁ የኋላ ጥርስ ፔዳሉን አንድ ጊዜ ስታዞር 1 ሜትር ከ76 ትሄዳለህ። የኋላውን ከ14 እስከ 34 በሆነው ብትተካው 1 ሜትር ከ45 ይሆናል። በደቂቃ 60 ጊዜ ብታዞር በሰዓት 5.2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዕቃ ጭነህም ሚዛንህን ሳትስት የምትወጣበት ፍጥነት ነው። በሁለቱ መካከል የሚለየው የመጨረሻው ጥርስ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ስድስቱ 14፣ 16፣ 18፣ 20፣ 22 እና 24 ሆነው ይቀራሉ። ከ24 ወደ 34 ያለው ዝላይ ሰፊ ስለሆነ ዳገቱ ሳይከብድ፣ እግርህ ገና ቀላል ሳለ ቀይር፤ ጭንቅ ውስጥ ገብተህ ብትቀይር ካቴናው ይንገጫገጫል፣ ሊበጠስም ይችላል።

ለመቀየር የጥርሱ ማውጫ ያስፈልጋል። ፔዳል በረገጥህ ቁጥር ጥርሱ ራሱን ስለሚያጠብቅ በእጅ ቁልፍ ብቻ አይፈታም። ማውጫውን ሞርሳ (የብረት መቆንጠጫ) ላይ አስረህ ቸርኬውን ከላይ አስቀምጥና ጎማውን በሁለት እጅህ ይዘህ ወደ ግራ አዙረው። አዲሱን ከመግጠምህ በፊት ጥርሰ ብሎኑን ግራሶ ቀባው። የኋላው ማርሽ መቀየሪያ 34 ጥርስ የሚችል መሆኑን ከመግዛትህ በፊት አረጋግጥ። ካቴናውም መርዘም አለበት፦ በመቀየሪያው ውስጥ ሳታሳልፍ ትልቁን የፊትና ትልቁን የኋላ ጥርስ አዙረህ ግጠምና ከዚያ ላይ ሁለት ዓይን ጨምር። ያጠረ ካቴና በስህተት ትልቁን ከትልቁ ጋር ያገናኘህ ቀን መቀየሪያውን ገንጥሎ ራጂ (የቸርኬው ቀጫጭን ሽቦዎች) ውስጥ ይከተዋል።

የካቴናን ዕድሜ በማስመሪያ ለካው። አዲስ ካቴና 24 ዓይኑ ከፒን መሀል እስከ ፒን መሀል 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 307 ሲደርስ ካቴናውን ብቻ ቀይር፤ 308 እስኪያልፍ ከጠበቅህ የኋላ ጥርሱንም በልቶታልና አዲስ ካቴና ብትገጥምበት ዳገት ላይ ይዘልልብሃል። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ ከጋራዥ የሚሰጥህን የተቃጠለ ዘይት አትቀባው። በነፃ ስለሚገኝ ብዙ ሰው ይቀባዋል፤ ውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ግን ካቴናውን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። በነጭ ጋዝ አጥበህ፣ በደንብ አድርቀህ፣ ማታ ለያንዳንዱ ዓይን አንድ አንድ ጠብታ ንጹሕ ዘይት ጣልበት፤ ጠዋት የውጪውን በጨርቅ እስኪደርቅ ጥረገው። ዘይት የሚሠራው ውስጥ ነው፤ ውጪ የቀረው አቧራ ከመሰብሰብ ሌላ ጥቅም የለውም።

ማታ ወደ አዘዞ ስትመለስ ጉዳዩ ፍሬን ነው። ሽቦውንና ልባሱን አንድ ላይ ቀይራቸው፤ ክረምት የከረመ ሽቦ ከውጭ ቢያብረቀርቅም ልባሱ ውስጥ ዝጎ ይይዛል። ስትገዛ የፍሬንና የማርሽ ሽቦ እንዳይምታታብህ። የፍሬኑ ውፍረት 1.5 ወይም 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፣ የማርሹ ከ1.1 እስከ 1.2። ልባሱ ከዚህም የባሰ ነው፦ የማርሽ ልባስ ውስጡ ያሉት ሽቦዎች በርዝመቱ የተዘረጉ ስለሆኑ ለፍሬን ብትጠቀምበት ጠንክረህ ስትይዝ ሊፈነዳ ይችላል። ያኔ ፍሬን የለህም ማለት ነው።

የፍሬኑ ጎማ ከቸርኬው ብረት ላይ ሙሉ በሙሉ መቀመጥ አለበት። ሽቅብ ካለፈ የጎማውን ጎን ይበላና ያፈነዳዋል። የፊተኛው ጫፉ ከኋላኛው 1 ሚሊ ሜትር ቀድሞ እንዲነካ አድርገህ እሰረው፣ ጩኸቱ ይጠፋል። ከዝናብ በኋላ ፍሬኑን ስትይዝ የመፋቅ ድምፅ ከሰማህ አሸዋ ወይም የአሉሚኒየም ቁራጭ ተሰክቶበታል፤ በመርፌ ነቅለህ ላዩን በብርጭቆ ወረቀት አሸት። የቸርኬውንም ጎን በማስመሪያ ጠርዝ እየው፤ መሀሉ ጎድጉዶ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ብረቱ ሳስቷል፣ በጎማው ግፊት ሊሰነጠቅ ስለሚችል ቀይረው። ዕቃ ጭነህ ረጅም ቁልቁለት ስትወርድ ፍሬኑን ሳትለቅ እየጎተትክ አትውረድ። ከመታጠፊያው በፊት ጠንከር አድርገህ ያዝ፣ መንገዱ ሲቀና ልቀቅ፤ አለዚያ ቸርኬው ግሎ የውስጥ ጎማውን ያፈነዳዋል።

የኋላ ቸርኬ ነገር ብዙ ሰው በግልባጩ የሚረዳው ነው። ራጂ በአብዛኛው የሚሰበረው በመጥበቁ ሳይሆን በመላላቱ ነው፤ ጎማው በዞረ ቁጥር የላላው ራጂ እየተወጠረና እየረገበ ይደክምና ከሞዞው (ከቸርኬው እምብርት) አጠገብ፣ ከታጠፈበት ላይ ይበጠሳል። የክራር ጅማት እንደምትነካ እያንዳንዱን በጣትህ ነካ ነካ አድርግ፤ በአንድ ጎን ያሉት ሁሉ ተቀራራቢ ድምፅ ሊሰጡ ይገባል። የደነዘ ድምፅ ያለውን በሩብ በሩብ ዙር አጥብቅ፣ በመሀሉ ቸርኬውን እያዞርክ ከፍሬኑ ጎማ ጋር ያለውን ክፍተት ተመልከት። የኋላው በጥርሱ በኩል ያለው ራጂ ከግራው በትንሹ ያጥራል፣ ስለዚህ ከሁለቱም ልክ ሦስት ሦስት መለዋወጫ ያዝ። በጥርሱ በኩል ያለው ሲበጠስ ጥርሱ ካልወጣ አዲሱን ማስገባት ስለማይቻል ማውጫውን ለረጅም መንገድ ይዘኸው ሂድ። አዲስ ቸርኬ የምትገዛ ከሆነ ባለ 36 ራጂ ይሁን።

ኩሽኔታውን በዓመት አንዴ፣ ክረምቱ ሲወጣ ፍታው። የኋላው በየጎኑ 9 ባለ ሩብ ኢንች ኳስ፣ የፊቱ 10 ባለ 3/16 ኢንች ኳስ አለው፤ አሮጌ ኳስ ከአዲስ ጋር አትቀላቅል።

ቦርሳ ውድ ሆኖብኛል ላልከው መፍትሔው ቅዳሜ ገበያ አለ። ሁለት ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን ግዛ። ከሰፊው ጎን አንዱን በሦስት በኩል ቁረጥና አራተኛው ማጠፊያ ሆኖ ይቅር፣ ክዳን ይሆንልሃል። መስቀያውን ከ6 ሚሊ ሜትር ቶንዲኖ አስጎብጥ፣ እንዳይንኳኳም የድሮ ከመነዳሪ ጠቅልልበት። ከውስጥ በኩል ሰፊ ሮንዴላ ካላደረግህበት ቡሎኑ ፕላስቲኩን ቀዶ ይወጣል። ዝናብ አያስገባም፣ ሲመታም አይጎዳም። ፔዳል ስትመታ ተረከዝህ እንዳይነካው ወደ ኋላ ሳብ አድርገህ ስቀለው፣ ከባዱን ዕቃ ከታች አድርግ። የመጫኛውን ቡሎኖች ከመጀመሪያው ቀን ጉዞ በኋላ ደግመህ አጥብቅ፤ አንዱ ሲላላ ጭነቱ ሁሉ ሌላኛው ላይ ያርፍና ይቆርጠዋል።

ፓራፋንጎው (ጭቃ መከላከያው) ከጎማው ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር ይራቅ። ደምቢያ ሜዳ ላይ በክረምት ከዋናው መንገድ ከወጣህ ግን ዋልካው ያንንም ሞልቶ ቸርኬውን ያቆመዋል፤ ለዚያ ወቅት አውልቀህ ተወው።

ለጎማ ነፋስ ዕቃ ስትጭን የኋላውን 50፣ የፊቱን 40 ፒ.ኤስ.አይ አድርገው፣ ከጎኑ ከተጻፈው ከፍተኛ ልክ ሳታልፍ። የውስጥ ጎማው እንደ መኪና ያለ ወፍራም ቫልቮ ያለው ይሁን፣ ያለ መለወጫ ማንኛውም ጎሚስታ ይነፋልሃል። ኮምፕረሰሩን ግን በአጭር በአጭሩ ያስነፋው፤ የብስክሌት ጎማ ትንሽ ስለሆነ በቅጽበት ይፈነዳል። ስትለጥፍ ማስቲሹ አምስት ደቂቃ ያህል እስኪደርቅ ጠብቅ፣ የውጪውንም ጎማ ውስጡን በጣትህ ዳስስ፤ የግራር እሾህ ጫፍ እዚያው ተሰብሮ ይቀራል።

አሁን አንድ ነገር አስቸግርሃለሁ። ከጎማህ ጎን ላይ በሰረዝ የተያያዙ ሁለት ቁጥሮች አሉ፣ አንብበህ ላክልኝ። ባለ 26 የሚባል ጎማ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ሁለተኛው ቁጥር 559 ከሆነ የተራራ ብስክሌት ልክ ነው፣ 590 ከሆነ ሌላ ነው፣ አንዱ ለሌላው አይገጥምም። የኋላ ጥርሱም መሀሉ ላይ ያለውን የማውጫ ቅርጽ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ማውጫውንና ባለ 34ቱን እዚህ አፈላልጌ እጠብቅሃለሁ።

እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ወንድምህ
ጌታነህ