በር ዘግተሽ አትዝፈኚ

ሚጡዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷ አሁንም ያማታል፤ ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት ግን እኔን ትቆጣለች። በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። እናትሽ አጠገቤ ስትሆን የማልናገረው ነገር አለ።

ባለፈው ወር አክስትሽ ከሲያትል ደወለች። ታውቂያታለሽ፣ ሰላምታዋ ራሱ መርዶ ይመስላል። «ልጅህ ከሰው ጠፍታለች» አለችኝ። «ለማኅበር ብጠራት ቅዳሜ ማታ ኮንሰርት አለብኝ አለች። የት ነው ልምጣ ብላት፣ ቤቴ ነው አለችኝ። ሄጄ ሃያ ደቂቃ በር ደበደብኩ፤ የሚሰማ የለም። በያዝኩት ቁልፍ ከፍቼ ብገባ ቁምሳጥን ውስጥ፣ ኮቶቿ መሀል ተቀምጣ ለኮምፒውተር ትዘፍናለች።» ትንሽ ዝም አለችና «ጸበል ሳይሻል አይቀርም» ብላ ዘጋችው።

ጸበሉን ሳቅኩበት። ሃያ ደቂቃው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ስሚኝ፣ በር ዘግተሽ አትዝፈኚ።

ኮምፒውተር የሚጠግነውን የላይ ቤቱን ልጅ ጠራሁት። «ጋሼ፣ ይሄማ ሴከንድ ላይፍ ነው» አለኝ። ሳን ፍራንሲስኮ ያለ ሊንደን ላብ የሚባል ድርጅት በፈረንጆቹ 2003 የከፈተው፣ በኢንተርኔት የሚገባበት ዓለም ነው አለ። የሚያሸንፍ የሚሸነፍ የለም። ሰው መሬት ይከራያል፣ ቤት ይሠራል፣ ሙዚቃ ቤት ይከፍታል። ሱዛን ቬጋ የምትባል የታወቀች አሜሪካዊት ዘፋኝ በ2006 እዚያ ገብታ ዘፍናለች ሲለኝ ትንሽ ቀለለኝ። የታወቀ ሰው ካደረገው እብደት አይባልም ብዬ።

የእናንተ ቅዳሜ ማታ አንድ ሰዓት ለእኛ እሑድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ልጁ እያዛጋ መጣ። የቤተክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ተከፍቷል። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰካሁ።

መጀመሪያ ሁሉም ነገር ግራጫ ነበር። ሰዎቹ እንደ ጭስ ናቸው፤ ቆይተው ነው እጅና እግር ያወጡት። እኔን ልጁ ቀይ ሱሪ የለበሰ ጎረምሳ አድርጎኛል። ልራመድ ስል ከግድግዳ ጋር ተላተምኩ፣ መዞሩ አቃተኝ። ልጁ እይታውን ብቻ ወደ መድረኩ መለሰልኝ። ኮንሰርቱን በሙሉ ፊቱን ለግድግዳ ሰጥቶ የቆመ ሰው አይተሽ ከሆነ አባትሽ ነው።

ቆጠርኩ፣ 23 ሰው ነበር። አንዷ ክንፍ አላት። አንዱ ኮት የለበሰ ቀበሮ ነው። የሚጨፍሩት ሁሉ እጅና እግራቸውን እኩል ያነሳሉ፤ እዚያ የተንጠለጠለች ኳስ ሲነኩ እሷ ናት የምታስጨፍራቸው አሉ። የመስከረም 2 ሰልፍ ትዝ አለኝ። አንቺ ረዝመሻል፣ ቀሚስሽ መሬት ይጠርጋል። ጣቶችሽ ጊታሩ ላይ ይንቀሳቀሳሉ፣ ከድምፁ ጋር ግን አይገጥሙም። አልወደድኩትም። ዓይኔን ጨፈንኩ። ያኔ አንቺ መጣሽ።

ሦስተኛው ላይ ባቲ ተጫወትሽ። በጊታር! ክራር ላይ በአንድ ጣት የምትነኪያትን ቦታ ጊታሩ ላይ ፈልገሽ አግኝተሻታል። መሀሉ ላይ ወንበርሽ ሲጥ አለ። እግሩን ጨርቅ አልብሺው። ሁለት ጊዜ ደግሞ ሳልሽ። ስንት ቀን ሆነው ይሄ ሳል? ዝንጅብል በማር አፍልተሽ ጠጪ፤ ካልለቀቀሽ ሐኪም ይይሽ። «ነገ» እንዳትዪኝ፣ የእናትሽ ልጅ ነሽ።

መድረኩ ላይ የሽልማት ማሰሮ አስቀምጠሻል። ልጁ በስሜ 250 ጨመረ። ደነገጥኩ። የእነሱ ገንዘብ ነው፣ አንድ ዶላር ገደማ ነው አለኝ። እኛ ብር ግንባር ላይ ነበር የምንለጥፈው። ያንቺን ግንባር ከየት አባቴ ላምጣው?

ልጁ ሊያናድደኝ ይሁን አላውቅም፣ ትራቪስ ስኮት የሚባል ዘፋኝ በ2020 ፎርትናይት የሚባል ጌም ውስጥ ኮንሰርት ሲያሳይ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ገብቶ ነበር አለኝ። በዚያው ሰዓት እየዘፈነ ነበር ወይ ብለው፣ አይ፣ ቀድሞ የተዘጋጀ ነው አለ። ታዲያ ምኑን ኮንሰርት ሆነ? ያንቺ 23 ሰው ይሻለኛል። ስትሳሳቺ ሰምቻለሁ።

ጭብጨባውን አስረዳኝ ብለው ደግሞ ልቤን ሰበረው። ድምፅሽ ከማይኩ ተነስቶ ወደ አንድ ሰርቨር ይሄዳል፣ ከዚያ ነው ለእኛ የሚታደለው። እስኪደርሰን ግማሽ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። ዘፈኑን ጨርሰሽ ዝም ስትዪ እኛ ገና መሀሉ ላይ ነን። ሰው ጭብጨባውን ሲጽፍልሽ አንቺ ሌላ ጀምረሻል። ለዚህ ነው ሁለት ሰው ከሁለት አገር ምት ጠብቆ አብሮ መጫወት የሚከብደው። እኔ ባንድ ውስጥ ነው የኖርኩት። ከበሮ መቺያችን መግቢያዬን በቅንድቡ ነበር የሚነግረኝ። አንቺ ግማሽ ደቂቃ ባዶ ላይ ቆመሽ ነው የምትዘፍኚው፤ እንዴት እንደቻልሽው አላውቅም።

ስትጨርሺ ልጁን «በርቺ» ጻፍልኝ አልኩት። በአማርኛ ጻፈው። አንቺም «በርቺ ያለኝ ማነው?» አልሽ። ድምፅሽ ተለወጠ። «ያገሬ ሰው አለ እዚህ?» አልሽ። ያን ስሰማ እኮ አንቺ ከጠየቅሽ ቆይተሻል፣ መልስ ስትጠብቂ ነበር። ልጁ «ጋሼ፣ ምን ልበላት?» ይለኛል። ዝጋው አልኩት።

ለምን እንደዘጋሁት ለሳምንት አሰብኩ።

አያትሽ እንዴት እንዳረፈች ታውቂያለሽ። እኔ የት እንደነበርኩ ግን አልነገርኩሽም። ሥራ ላይ ነበርኩ ነው የምልሽ። እውነቴን ነው፣ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሳክስፎኔን ይዤ። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ሲገባ የሙዚቃ ቤቱ በር ይቆለፋል። ውስጥ የቀረ ሰው እስኪነጋ አይወጣም፤ እኛም እስኪነጋ እንጫወታለን። በሩ ሲዘጋ ሰው ያጨበጭብ ነበር። እኔም ያንን ጭብጨባ እወደው ነበር፤ ውጭ ያለው ሁሉ ለአንድ ሌሊት ይረሳልሽ ነበር። የዚያን ሌሊት እማማ ታመመች። ጎረቤት ሊጠራኝ ቢፈልግ ሰዓት እላፊ ነው፣ በየት ይወጣል? ሲነጋ በሩ ተከፈተ፣ እያፏጨሁ ወደ ቤት ሄድኩ። ድንኳን እየተተከለ ነበር። እያፏጨሁ ነው የደረስኩት፣ ልጄ።

ሳክስፎኑን በሳምንቱ ሸጥኩት።

ኮቶቹን አልቃወምም። ድምፅ እንደሚውጡ አውቃለሁ፤ እኛም ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን ነበር የምንለማመደው። የውጭውን በር ግን ቆልፈሽ፣ ጆሮሽን ደፍነሽ አትዝፈኚ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎንሽ ያለችውን ልጅ ንገሪያት፣ ቁልፍ ስጫት። ስልክሽን ከፊትሽ አድርጊው፣ ሲደወል መብራቱ ይታይሽ።

ሌላም አለ። ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ልትፈተኚ ስትይ የጠፋው ክራርሽ አልጠፋም። እኔ ነኝ የወሰድኩት። ትምህርቷን ትተዋለች ብዬ ነው ያልኩት ለራሴ። በነጠላ ጠቅልዬ ቁምሳጥኑ አናት ላይ፣ ከእናትሽ ሻንጣ ጀርባ አስቀመጥኩት። አንቺ ሠራተኛችንን ጠረጠርሻት። እናትሽም ጠረጠረቻት። እኔ ጋዜጣ እያነበብኩ ዝም አልኩ። ልጅቷ አልቅሳ ወጣች። በኋላ ባፈላልጋት አላገኘኋትም። ለእናትሽ ዛሬ ማታ እነግራታለሁ፤ ከእኔ ሳትሰማ ደውለሽ እንዳትነግሪያት።

ለመስቀል የመጣው የአክስትሽ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳል። ክራሩን ይዞልሽ ይመጣል። ከስድስቱ ክሮች ሁለቱ ብቻ ናቸው የቀሩት፣ አዲስ ክር ገዝቼ ጨምሬአለሁ። ከበርበሬው ጋር አንድ ሻንጣ ውስጥ እንዳይከተው አስጠንቅቄዋለሁ፤ አንቺም ደውለሽ ንገሪው፣ እሱ አንድ ጊዜ አይሰማም። እንደደረሰሽ ወዲያው አትወጥሪው። ቆዳው ደርቋል፣ ቀስ ብለሽ አላምጂው።

በሩን እንዳትዘጊ።

ቅዳሜ ተመልሼ እመጣለሁ። መዞር ተምሬአለሁ።

አባትሽ