ሁለት ግርማይ፣ ሁለት 2016

ቀን፦ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በብስክሌት ዘገባዎቻችሁ ላይ በተደጋጋሚ ስለሚታየው የአጻጻፍና የአርትዖት ጉድለት የቀረበ ቅሬታ

ክቡር ዋና አዘጋጅ፣

መጽሔታችሁን ለዓመታት በደንበኝነት ያነበብኩ፣ ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ የብስክሌት መጠገኛ ቤት ያለኝ ሰው ነኝ። በወጣትነቴ በክለብ ደረጃ ጋልቤያለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሰፈር ልጆች ብስክሌታቸውን እየገፉ ይመጣሉ። እኛ ከመነዳሪ ስንለጥፍና ቸርኬ ስናቃና፣ ተራ የደረሰው ልጅ መጽሔታችሁን ጮክ ብሎ ያነብልናል። ቅሬታዬ የተነሣው ከዚህ ንባብ ነው።

ባለፈው እትማችሁ በሩዋንዳ ዋና ከተማ በኪጋሊ የተካሄደውን የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ይዛችሁ ስትወጡ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ሻምፒዮናው በአፍሪካ ምድር ሲካሄድ የመጀመሪያው ነው። የወንዶቹን የጎዳና ውድድር በመስቀል ማግስት፣ እሑድ መስከረም 18፣ ተሰብስበን ነው ያየነው። ስሎቬኒያዊው ታዴይ ፖጋቻር አሸነፈ፤ ውድድሩን የጨረሱት 30 ጋላቢዎች ብቻ ነበሩ። ልጆቹ ያዩትን በጽሑፍ ለማግኘት መጽሔቱ እስኪወጣ ቸኩለው ነበር።

ንባቡ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ቆመ። «ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ታሪክ ሠራ» ይላል። የሚያነበው ልጅ ጣቱን መስመሩ ላይ እንዳደረገ ቀና ብሎ፣ «ጋሼ፣ የትኛው ግርማይ?» አለኝ።

የልጁን ጥያቄ ለእርስዎ አስተላልፋለሁ። የትኛው ግርማይ? የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ፣ በፈረንሳዩ የብዙ ቀናት የብስክሌት ውድድር፣ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው፤ ያም በ2016 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ 2008 ዓ.ም. ነው። ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይ ደግሞ ሦስት የቱር ምዕራፎችን፣ ማለትም የየዕለቱን ውድድሮች፣ አሸንፎ በነጥብ አንደኛ ለሚሆነው የሚሰጠውን አረንጓዴ ማሊያ ወሰደ፤ ይህ የሆነው በ2016 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 2024 ነው። ሁለት ግርማይ፣ ሁለት 2016። ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚል ምልክት የለም፤ የጋላቢው የራሱ ስምም የለም። ጸሐፊው ራሱ የትኛውን እንደሚናገር አለማወቁ በቀጣዩ ዐረፍተ ነገር ይታያል። «የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተሳታፊ ሦስት ጊዜ አሸንፎ አረንጓዴ ማሊያ ለበሰ» ብሎ ሁለቱን ሰዎች አንድ አድርጎ አረፈው። ጽጋቡ ፈረንሳይ ሲጋልብ እኮ ቢኒያም ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበር!

የውጭ ጋዜጦች በልማዳቸው ሰውን በአባቱ ስም ይጠራሉ፤ አልፈርድባቸውም። አዲስ አበባ ተቀምጦ ለአዲስ አበባ አንባቢ የሚጽፍ ሰው ግን ግርማይ የአባት ስም መሆኑን ማን እስኪነግረው ይጠብቃል? አበበ ቢቂላን «ቢቂላ» ብሎ ጽፎ የሚያልፍ አራሚ አላችሁ? እንግሊዝኛውን እንዳለ ገልብጦ ማውረድ ትርጉም አይባልም።

በዚህ ብቻ ቢያበቃ ደብዳቤ ባልጻፍኩ። በዚሁ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ጋላቢ «የቡድኑ የቤት ሠራተኛ» ተብሏል። «ዶሜስቲክ» የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል በቀጥታ ሲተረጎም ወደዚያ ያመራ ይሆናል፤ በስፖርቱ ግን ለመሪው ነፋስ የሚከላከልለት፣ ውኃ የሚያመላልስለት፣ ጎማው ሲተነፍስ የራሱን አውልቆ የሚሰጠው አጋዥ ጋላቢ ማለት ነው። ራሱን ለጓደኛው አሳልፎ የሚሰጥ ሰው ነው፤ ልጆቼ ከሁሉም በላይ እንዲያውቁት የምፈልገውም እሱን ነው። ሌላው ጋላቢ ደግሞ «ከፊተኛው ኋላ ሆኖ ረቂቅ ሲያዘጋጅ ቆየ» ተብሏል። ረቂቅ! የእንግሊዝኛው «ድራፍቲንግ» ረቂቅ ማዘጋጀት ማለትም ስለሆነ ነው። ሰውየው ከፊቱ ካለው ጎማ ጋር ተጠግቶ ከነፋስ እየተጠለለ ጉልበቱን ይቆጥባል እንጂ ሕግ አያረቅም። ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በነፋስ ላይ የጋለበ የ12 ዓመት ልጅ እንኳ ነገሩን በእግሩ ያውቀዋል።

በጣም ያናደደኝ ግን የተራራው ጉዳይ ነው። ጋላቢዎቹ «ከ5,400 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ» ወጡ ተብሎ ታትሟል። ራስ ዳሸን እንኳ 5,000 ሜትር አይሞላም፤ ሩዋንዳ ይህን የሚያህል ተራራ ከየት ታመጣለች? ቁጥሩ በ267.5 ኪሎ ሜትሩ ጉዞ የተወጣው ዳገት ሁሉ ተደምሮ የሚሰጠው ነው። ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ አድርጎ እንጦጦን የወጣ፣ ወርዶ እንደገና የወጣ፣ አሁንም ወርዶ የወጣ ሰው የወጣውን ሁሉ ቢደምር ማለት ነው። ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ጽፋችሁልን ቢሆን ልጆቹ የውድድሩን ክብደት በጉልበታቸው ይረዱት ነበር። ያገኙት ግን የሌለ ተራራ ነው።

መጨረሻው ላይ «ብስክሌት ለኢትዮጵያ አዲስ ስፖርት ነው» የሚል አለበት። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ፣ ሜልቦርን በ1956 እ.ኤ.አ.፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞች ነበሩ። አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ አራት ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ገረመው ደንቦባ በሜልቦርንም በሮምም ለአገሩ ጋልቧል። ስሙን የማያውቅ የስፖርት ጸሐፊ ሊኖር ይችላል፤ ይጠይቅ። ሳይጠይቅ «አዲስ ነው» ብሎ ሲያትም ግን እነዚያን ሰዎች ከታሪክ እየፋቀ ነው።

ክቡር ዋና አዘጋጅ፣ ይህን ያህል የምቆጣው ብስክሌት ከሌሎች ስፖርቶች ይልቅ የጽሑፍ ባለ ዕዳ ስለሆነ ነው። እግር ኳስን ስታዲየም ገብተህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታየዋለህ። ብስክሌትን መንገድ ዳር ቆመህ ብትጠብቅ እንደ ነፋስ ሽው ብሎ ያልፍሃል፤ ከዚያ በፊትና በኋላ የሆነውን የሚነግርህ ጸሐፊው ነው። ቱር ደ ፍራንስን ራሱን በ1903 እ.ኤ.አ. የፈጠረው ሎቶ የተባለ ጋዜጣ ነው፤ በ1919 እ.ኤ.አ. የመጣው፣ የውድድሩ መሪ የሚለብሰው ቢጫ ማሊያም ቀለሙ ጋዜጣው ይታተምበት ከነበረው ቢጫ ወረቀት ጋር አንድ ነው። የጣሊያኑም ትልቅ የብስክሌት ውድድር ጂሮ እንዲሁ የጋዜጣ ልጅ ነው፤ መሪው የሚለብሰው ሮዝ ማሊያ ጋዜታ ዴሎ ስፖርት የተባለው ጋዜጣ ወረቀት ቀለም ነው። ስለዚህ ስፖርት በግዴለሽነት መጻፍ የቤቱን ምሰሶ እንደ መነቅነቅ ይቆጠራል።

ስልክ ደውዬ ነበር። ያነጋገሩኝ ባልደረባችሁ በትሕትና ቢቀበሉኝም፣ «ጽሑፉ ከውጭ ዜና ወኪል የተወሰደ ነው፣ ስህተቱ የእኛ አይደለም» አሉኝ። የውጭ ዜና ወኪል በአማርኛ «የቤት ሠራተኛ» ብሎ አልጻፈም፤ ሁለቱን ግርማዮችም አንድ አላደረጋቸውም። እኔ የሰው ብስክሌት ፍሬኑን ሳልፈትሽ ብሰጥና ልጁ ቁልቁለት ላይ ቢወድቅ፣ ፍሬኑ ከውጭ አገር የመጣ ነው ብዬ ከተጠያቂነት አልድንም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በሚቀጥለው እትም ማረሚያው ጽሑፉ በወጣበት ገጽ ላይ፣ በሚነበብ ፊደል ይውጣልን። የእኛን አካባቢ ሰዎች በራሳቸው ስም ጥሯቸው፤ በየዓመተ ምህረቱ ላይም ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. አይቅር። ጽሑፉ ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኩ በፊት ደግሞ የጋለበ ሰው ያንብበው። በዚህ ከተማ የቀድሞ ብስክሌተኞች ሞልተዋል፤ ሰው ከጠፋ እኔ ያለ ክፍያ አነባለሁ፣ መጠገኛ ቤቴ ድረስ ላኩልኝ።

ያ የጠየቀኝ ልጅ እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ እርሳስ ተቀብሎኝ ገጹን አርሞታል። «ግርማይ» ከሚለው ፊት በአንዱ ቦታ «ጽጋቡ»፣ በሌላው «ቢኒያም» ብሎ ጽፏል፤ ተራራውን በሁለት መስመር ሰርዞታል፤ በኅዳጉ ላይ ደግሞ የገረመውን ስም አስፍሯል። የታረመውን ገጽ ፎቶ ኮፒ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣

የመጽሔታችሁ የረጅም ጊዜ ደንበኛ
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ