ይድረስ ለውድ አባቴ፦ ስለ ባሮን ጎትፍሪድ ፎን ክራም

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ስለ ጀርመናዊው የቴኒስ ተጫዋች ስለ ፎን ክራም «ባሮኑ ነጥብ ትቶ ነው ወይ የተሸነፈው?» ላሉኝ መልሱ በስልክ ስለማያልቅ ጻፍኩት። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አዎ፣ እውነት ነው። በ1935 ጀርመንና አሜሪካ የአገሮች የቴኒስ ውድድር በሆነው በዴቪስ ካፕ ሲገናኙ ፎን ክራም ከካይ ሉንድ ጋር ሁለት ለሁለት ይጫወት ነበር። ጨዋታው በአንድ ነጥብ ሊያልቅ ሲል ሉንድ ኳሷን መትቶ አሸነፈ። ፎን ክራም ግን ወደ ዳኛው ሄዶ ኳሷ አስቀድማ የራሱን ራኬት (መምቻ) እንደነካች ተናገረ። ዳኛው አላየም፤ ባይናገር ማንም አያውቅም ነበር። ነጥቡ ለአሜሪካኖቹ ሆነ፣ በመጨረሻም ጀርመን ተሸነፈች።

ሰውየው በ1909 ጀርመን፣ ኔትሊንገን ውስጥ ከባላባት ቤት ተወለደ፤ ከሰባት ወንድማማቾች ሦስተኛው ነው። ያኔ በቴኒስ ገንዘብ የተቀበለ ተጫዋች ታላላቆቹ ውድድሮች ውስጥ አይገባም፤ ይህ የተቀየረው በ1968 ነው። የቤተሰቡ ሀብት የጠቀመው እዚህ ላይ ነው፤ ያለ ደመወዝ ዓመቱን ሙሉ መሠልጠን ይችል ነበር።

ትልቁ መሣሪያው ሁለተኛው ሰርቭ ነው፤ ይኸውም የመጀመሪያው የመክፈቻ ምት ሲከሽፍ የሚመታው ነው። ኳሷ ከራስ በላይ፣ ትንሽ ወደ ግራና ወደ ኋላ ትወረወራለች፤ ጉልበት ይታጠፋል፣ ጀርባ ይለጠጣል፣ ራኬቱም ከታች ግራ ወደ ላይ ቀኝ ኳሷን እየጠረገ ያልፋል። ኳሷ መረቡን ከፍ ብላ አልፋ ቶሎ ትወርድና ነጥራ እስከ ተቀባዩ ትከሻ ትደርሳለች። ውርወራው ወደ ፊት ከሄደ ራኬቱ ከሥሯ መግባት ስለማይችል ኳሷ ሳትሽከረከር ረዝማ ትወጣለች። ቀይ አፈር ኳሷን ይዞ ከፍ አድርጎ ያነጥራል፤ ሣር ግን ዝቅ አድርጎ ያሾልካታል። በፈረንሳዩ ታላቅ ውድድር፣ በሮላንድ ጋሮስ አፈር ላይ በ1934 ጃክ ክሮፎርድን፣ በ1936 ፍሬድ ፔሪን አሸነፈ። በእንግሊዙ ታላቅ ውድድር፣ በዊምብልደን ሣር ላይ በ1935፣ በ1936 እና በ1937 ሦስት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ ሦስቱንም ተሸነፈ። በ1936ቱ ገና ሲጀመር ጡንቻው ተጎድቶ እንኳ እስከ መጨረሻው ተጫወተ።

እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ የ1937ቱ ዴቪስ ካፕ ነው። በመጨረሻው፣ በአምስተኛው ዙር (ሴት) አሜሪካዊውን ዶን በጅን 4 ለ 1 እየመራ ነበር። ያኔ ዙሩን ለማሸነፍ በሁለት ጌም (የዙሩ ክፍል) መብለጥ ግድ ስለነበር ዙሩ ተራዝሞ በ8 ለ 6 አመለጠው።

የናዚን ፓርቲ አልቀላቀልም አለ። በመጋቢት 1938 የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ ጌስታፖ አሰረው፤ ማናሴ ሄርብስት ከሚባል አይሁዳዊ ተዋናይ ጋር የነበረውን ፍቅር ወንጀል አድርገው አንድ ዓመት ፈረዱበት። ስድስት ወር ያህል ታስሮ ወጣ። በ1939 ለንደን ኩዊንስ ክለብ ላይ ቦቢ ሪግስን 6 ለ 0፣ 6 ለ 1 ረታው። በጥቂት ቀናት ልዩነት ዊምብልደንን ያሸነፈው ያው ሪግስ ነው፤ ፎን ክራም እዚያ አልነበረም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይቆጨኛል።

ከጦርነቱ በኋላ በ1948 እና በ1949 የጀርመን ሻምፒዮን ሆነ፤ ያኔ አርባ ዓመት ገደማው ነበር። በ1976 ካይሮ አጠገብ በመኪና አደጋ ሞተ።

ጉልበትዎን ስሜ እሰናበታለሁ።

ልጅዎ