ዲፕሎማ ኮከብ አይሰፋም፤ ሰንጠረዣችሁን አርሙልን

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ስለ ወታደር ነርሶች ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። እኔ ብቻ ሳልሆን ሰፈሩ በሙሉ አንብቦታል። ጡረታ የወጣሁ ወታደር ነርስ መሆኔን የሚያውቅና ልጅ ያለው ሁሉ ስልኩን ይዞ እየመጣ «ሃምሳ አለቃ፣ ይኼ ነገር እውነት ነው እንዴ?» ይለኛል። ሽምብጥ ላይ ቡና በሰላም መጠጣት አልቻልኩም።

ጽሑፉ ውስጥ ብዙ የሚያከራክር ነገር አለ። አብዛኛውን ልተወው። የኔ ጠብ ከመሃል ካስቀመጣችሁት ሰንጠረዥ ጋር ነው። ዲፕሎማ (ደረጃ 4) ያላት ነርስ ሃምሳ አለቃ፣ ዲግሪ ያላት ምክትል መቶ አለቃ፣ ማስተርስ ያላት ሻምበል ትሆናለች ይላል። ከጎኑ ደግሞ «የቤት አበል እንደሚኖሩበት ከተማ» የሚል ዓምድ ተጨምሮበታል።

በዚህ ሒሳብ ከሄድን ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዶክትሬት የያዘ መምህር ሁሉ ኮሎኔል ነው ማለት ነው። የፔዳ ግቢ ጥበቃዎች ከአሁኑ ይታሰብላቸው። ጠዋት ጠዋት ሰላምታ ሲሰጡ ክንዳቸው ሊዝል ነው።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብዙ አልደከምኩም። ፎቷችሁ ራሱ ተናገረ። ዝንጉርጉር የደንብ ልብስ የለበሰችው ነርስ ደረት ላይ ያለው ጽሑፍ ግማሹ ተቆርጧል። የቀረው ግማሽ ግን በላቲን ፊደል «አርሚ» ይላል። ዕድሜዬን የለበስኩትን ልብስ አልስተውም። የአሜሪካንን ሥርዓት ቀድታችሁ ጣና ዳር ለጠፋችሁብን።

አሜሪካ ውስጥ እንደዚያ መሆኑን አልክድም። የጦሩ የነርሶች ክፍል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1901 ጀምሮ አለ። የነርሲንግ ባችለር ዲግሪ ይዞ፣ የሙያ ፈቃድ ፈተናውን አልፎ የገባ ሰው በኛ ምክትል መቶ አለቃ በሚባለው ማዕረግ ይጀምራል። ልምድ ካለው ከዚያም ከፍ ብሎ ሊጀምር ይችላል። መነሻ ደመወዙ በማዕረግና በአገልግሎት ዘመን ይሰላል። የቤት አበሉ በማዕረጉ፣ በተመደበበት አካባቢ፣ ቤተሰብ ያለው በመሆኑና ባለመሆኑ ይለያያል። ያ ዓምዳችሁ የመጣው ከዚህ ነው።

ግን እዚያም ቢሆን ነርስ ሁሉ መኮንን አይደለም። ዲግሪ የሌላቸው፣ ፕራክቲካል ነርስ የሚባሉ አሉ። እነሱ ከተራ ወታደርና ከበታች ሹሙ ወገን ናቸው። ጦር ሜዳ ላይ ቁስለኛ የሚያነሱት ሜዲኮችም እንዲሁ። ስለዚህ ቅጂውም በትክክል አልተቀዳም። ከተቀዳ አይቀር ደግሞ ወንድ ነርሶች በዚያ ጦር መኮንን መሆን የተፈቀደላቸው በነሱ አቆጣጠር በ1955 መሆኑን፣ የነርሶቹ ኃላፊ አና ሜይ ሄይስ በ1970 ብርጋዴር ጄኔራል መሆኗን ብትነግሩን ምን ነበረበት? ቢያንስ አንድ ነገር አውቀን እንውል ነበር።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። እዚህ ሀገር ነርስነቱን የሚሰጠው ትምህርቱና የጤናው ዘርፍ ነው። ነርስ መሆን የምትፈልግ ልጅ የ12ኛ ክፍልን ፈተና አልፋ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ነርሲንግ ተምራ፣ ከ2015 ወዲህ ለዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ሁሉ የመጣውን የመውጫ ፈተና ትፈተናለች። ከዚያ የሙያ ፈቃድ ምዘና አለ። በጤና ሳይንስ ኮሌጅ በኩል ከሄደች ደረጃ 4ን ጨርሳ ሲኦሲ ለሚባለው የብቃት ምዘና ትቀመጣለች። ፈቃድ ሳይኖራት መርፌ የምትይዝበት ሥርዓት የለም።

ማዕረጉን የሚሰጠው ደግሞ ሠራዊቱ ነው። መሠረታዊ ሥልጠና አለ፤ ሁርሶም ይሁን እዚሁ ጎጃም ብርሸለቆ። መኮንን ለመሆን የመኮንንነት ሥልጠና አለ። ከዚያ በኋላ በማዕረጉ ላይ የቆየህበት ጊዜ፣ አፈጻጸምህ፣ የተመደብክበት ቦታ ይታያል። ትምህርትህም ይታያል። ትምህርትህ ብቻውን ግን ትከሻህ ላይ ኮከብ አይሰፋም። ዲግሪ ይዞ የመጣ ሰው መንገዱ አይቀናውም እያልኩ አይደለም። ሊቀናው ይችላል። ወረቀቱን ስላሳየ ብቻ በማግስቱ ማዕረግ ይለጠፍለታል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ይህን ከመጽሐፍ አይደለም ያገኘሁት። እኔ ጠመንጃ ይዤ ገብቼ ነው ሕክምናውን የተማርኩት። በ1991 ግንባር ላይ ስሠራ አስር አለቃ ነበርኩ። ደም የሚፈሰውን እግር በጎማ ካሰርን በኋላ የታሰረበትን ሰዓት በቁስለኛው ግንባር ላይ፣ ከዓይኑ በላይ፣ በእስክሪብቶ እንጽፋለን። ከኋላ የሚቀበለው ሐኪም መቼ እንደታሰረ ካላወቀ ሰውየው እግሩን ሊያጣ ይችላል። እስክሪብቶ ደግሞ ላብ ላይ አይጽፍም። ግንባሩን በእጅጌህ ትጠርጋለህ፣ አቧራው ጭቃ ይሆናል፣ እንደገና ትጠርጋለህ፣ ከዚያ ትጽፋለህ። «ምንድን ነው የምትጽፍብኝ?» ያለኝ ልጅ እስካሁን ትዝ ይለኛል።

ከጦርነቱ በኋላ ተምሬ ክሊኒካል ነርስ ሆንኩ። ዲፕሎማዬን ይዤ ወደ ክፍሌ ስመለስ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ? አስር አለቃ። ሃምሳ አለቃነቱ ከዲፕሎማው ጋር በአንድ ፖስታ አልመጣም። ዘግይቶ፣ በራሱ ጊዜና በራሱ ምክንያት ነው የመጣው።

የተገላቢጦሹም አለ። አንድ ጊዜ አንድ ሻምበል ተኝቶ ይታከም ነበር። ጉሉኮሱን በገዛ እጁ እየነቀለ ሲጋራ ሊያጨስ ይወጣል። ተቆጣሁት። «አንተ ማንን ነው የምታዝዘው?» አለኝ። «ጌታዬ፣ ማዕረግዎን አልጋው ራስጌ ላይ ይስቀሉትና ክንድዎን ይስጡኝ» አልኩት። ትንሽ አፍጥጦ አየኝና ሰጠኝ። ዎርዱ ውስጥ ትእዛዙ የኔ ነበር። በር ላይ ስንገናኝ ሰላምታ የምሰጠው እኔ ነበርኩ። ሁለቱም በቦታው ትክክል ነው። ሰንጠረዣችሁ ያልገባው ይሄ ነው።

ጡረታ ወጥቼ ደግሞ እዚሁ ከተማ አንድ የግል ክሊኒክ ሥራ ጠየቅኩ። ባለቤቱ ወረቀቴን አገላብጦ አየና «ጋሼ፣ የወታደር ቤት ልምድ እኛ ጋ አይቆጠርም፤ ፈቃድዎም ሳይታደስ ቆይቷል» አለኝ። ፈቃድ ለማሳደስ ተከታታይ ሥልጠና ወስደህ መረጃ ማቅረብ አለብህ። እሺ፣ ስለ ፈቃዱ ሕጉ ሕግ ነው። ልምድህ አይቆጠርም የሚለው ግን አሁንም ያንገበግበኛል። ስንት ቁስል ያጠበ እጅ ነው፣ የግል ክሊኒክ ውስጥ ግፊት ለመለካት አይበቃም የተባለው። እንግዲህ ሃምሳ አለቃነቴ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ምን ጠቀመኝ? ዘጋቢያችሁ ይህን አንድ ጥያቄ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ሰንጠረዡን ራሱ ይቀደው ነበር።

ደመወዙም እንደዚሁ ተቀላቅሎባችኋል። የሲቪሉን ነርስ መነሻና የወታደሩን ደመወዝ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ «ልዩነቱን ይመልከቱ» ብላችኋል። ምኑን ነው የምንመለከተው? ሲቪሉ የራሱ ስኬል አለው። በመስከረም 2018 በተጀመረው ማሻሻያ የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር፣ ዝቅተኛው ደመወዝ ደግሞ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ወጥቷል። እናንተ የጻፋችሁት አሮጌውን ነው። የሠራዊቱ አባል ደግሞ በሲቪል ሰርቪስ ሕግ አይተዳደርም። የራሱ የመከላከያ ሠራዊት አዋጅ አለው፤ ቁጥሩ 1100/2011 ነው። ካምፕ የሚኖር ወታደር ቀለቡም ልብሱም ከሠራዊቱ ነው። ሲቪሏ ነርስ የዱቲ ክፍያ አላት፣ የቤት ኪራይ ግን ከኪሷ ነው። የባሕር ዳርን የቤት ኪራይ ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል። ታዲያ ደመወዝ ብቻ ነጥሎ ማወዳደር ማንን ለማስጎምጀት ነው?

መጻፍ የነበረበትን ቁጥር ደግሞ ዘላችሁታል። የጡረታውን። ከሲቪሉም ከወታደሩም ደመወዝ የሚቆረጠው 7 በመቶ ነው። መንግሥት በበኩሉ ለሲቪሉ 11 በመቶ፣ ለወታደሩ 25 በመቶ ያዋጣል። ወታደር ሲቪሉ የሚጠብቀውን 60 ዓመት ሳይሞላ ስለሚወጣ፣ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። የ18 ዓመት ልጅ ስለ ጡረታ አትጠይቅም። ለዚህ ነበር ጋዜጠኛ የሚያስፈልጋት።

አሁን ስለተረሱት ሰዎች። ዘገባችሁ የሚጀምረው በፍሎረንስ ናይቲንጌል ነው። ነፍሷን ይማር፣ ቅር አይለኝም። ግን ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የማን መታሰቢያ ሆኖ እንደተሠራ አንድ መስመር ይጠፋል? ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን ለንደን፣ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ የተመረቀች ናት። ሀገሯ ተመልሳ ብዙም ሳትቆይ በ1934 አረፈች። በስሟ የተሠራው ሆስፒታል ነው ከአብዮቱ በኋላ የጦር ኃይሎች የሆነው። ይህን ያህል ቅርብ ታሪክ ትቶ ባሕር ተሻግሮ መሄድ ለምን አስፈለገ?

ድሬሰሮችስ? በንጉሡም በደርግም ዘመን ቃሬዛና የቁስል ሳጥን ይዘው የሮጡት ድሬሰርና ጤና ረዳት የሚባሉት ናቸው። ብዙዎቹ ከተራ ወታደርነት የወጡ ነበሩ። ሠራዊቱ በ1983 ሲበተን ወደየቀያቸው ገቡ። በጣና ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች «ዶክተር» እየተባሉ መርፌ ሲወጉ የኖሩ ሽማግሌዎችን የማያውቅ አለ? ፈቃድ ነበራቸው አልልም። ግን የወታደር ነርስ ታሪክ ሲጻፍ የመጀመሪያው ምዕራፍ የነሱ ነው። እናንተ የጣናን ፎቶ ወሰዳችሁ፤ የጣና ዳር ሰው ግን አንድም አላናገራችሁም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደግሞ «እሷ» ነው የምትሉት። እኛ ወንዶቹ ነርሶች ዎርድ ውስጥ ቃሬዛ ስንገፋ ነበር የኖርነው ማለት ነው?

ይኼ ሁሉ የሽማግሌ ማጉረምረም ከመሰላችሁ ያስከተለውን ላሳያችሁ። የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ የሆነች የእህት ልጅ አለችኝ። ሰንጠረዡን ከስልኳ ፎቶ ቤት አሳትማ፣ «ደረጃ 4» የሚለውን በቀይ ከብባ መጣች። «ጋሼ፣ ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርግልኛል? ደረጃ 4 ጨርሼ ብገባ ወዲያው ሃምሳ አለቃ ነኝ። አንተ ዕድሜህን የፈጀህበትን በአንድ ቀን!» አለችኝ። ሳቅኩ። ከዚያ አልሳቅኩም። ልጅቷ ለፈተናው ማጥናት አቁማለች።

ውትድርናን አልከለከልኳትም። እኔ የኖርኩበትን ቤት በልጅ ፊት አላጣጥልም። ነርስ መሆን ከፈለግሽ መጀመሪያ ፈተናሽን እለፊ አልኳት። ቢሾፍቱ የመከላከያ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ እንዳለ ነገርኳት። ከመፈረምሽ በፊት የምትማሪበትን ወጪ ማን እንደሚችል፣ ከተማርሽ በኋላ ስንት ዓመት የማገልገል ግዴታ እንደምትገቢ፣ የምትይዢው ማስረጃ ሲቪል ሆስፒታል ውስጥ ለፈቃድ ያገለግል እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቂ አልኳት። በቃል የተነገረሽን አትመኚ። ማዕረጉን ደግሞ ማዕረግ የሚሰጠው ይንገርሽ እንጂ ጋዜጣ አይንገርሽ አልኳት። «ጋሼ፣ ጋዜጣው እኮ በቀለም አትሞታል» ብላ መለሰችልኝ። ምን ልበላት?

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ነገር ትንሽ ነው። ሰንጠረዡን አንሱት። እርማቱንም ሰንጠረዡ በወጣበት ገጽ፣ በዚያው መጠን አውጡት፤ ከማስታወቂያ ሥር በጉንዳን ፊደል አይሁን። የደመወዙን ስኬል ወደ 2018ቱ ቀይሩት፣ የጡረታውንም መዋጮ ጨምሩበት። ጡረተኛ ወታደር ነርስ ማናገር ከፈለጋችሁ ብዙ ነን። ዘጋቢያችሁ ይምጣ፣ ቡናውን እኔ እከፍላለሁ። እርማቱ ግን ከ12ኛ ክፍል ፈተና በፊት ይውጣልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ ወታደር ነርስ፣ ባሕር ዳር