ፖስታውን ከማሸግህ በፊት

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 16 ቀን 2013 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

የአሜሪካው ምርጫ ወረቀት ቤትህ ድረስ በፖስታ መምጣቱን ስትነግረኝ ደስ አለኝ። የእኛ የነሐሴው ምርጫ በኮሮና ሰበብ ተራዝሟል። ስለዚህ ዘንድሮ ከቤተሰባችን ድምፅ የምትሰጡት አንተና ባለቤትህ ብቻ ናችሁ። ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። ባለፈው ጊዜ፣ በፈረንጆቹ 2016፣ አንተ ባለህበት በኔቫዳ ግዛት ሁለቱን ተወዳዳሪዎች የለያቸው 27 ሺህ ያህል ድምፅ ነው።

"እማዬ፣ ትራምፕ ግድቡን ያፈነዱታል ካለ በኋላ ምን ማሰብ ያስፈልጋል? እኔ ጨርሻለሁ" አልከኝ። ንዴትህ ይገባኛል። እዚህም ከተማው ሁሉ ስለዚህ ነው የሚያወራው። ዓባይ ከጣና የሚወጣው ደጃችን ላይ ነው። ለግድቡ እኔም ከደመወዜ ቦንድ ገዝቻለሁ። የአንድ ትልቅ አገር ፕሬዝዳንት ጋዜጠኛ ሰብስበው ከሱዳንና ከእስራኤል መሪዎች ጋር በስልክ እያወሩ፣ ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች ማለታቸው ነውር ነው። መንግሥታችን አምባሳደሩን ጠርቶ ማብራሪያ መጠየቁ ተገቢ ነው።

ግን በዚህ ብቻ አትምረጥ። አሜሪካ ለግብፅ ጦር በየዓመቱ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ስትሰጥ ኖራለች። ሪፐብሊካኑም ዴሞክራቱም ሲሰጥ ነበር። ባይደን ቢመረጡ ስለ ዓባይ ይቆሙልናል ብለህ አትጠብቅ። እሳቸውም የሚሠሩት ለአሜሪካ ነው። አንተም ድምፅ የምትሰጠው ለምትኖርበት አገር ነው።

ጓደኞችህ ደግሞ ሌላ ይሉሃል። "ትራምፕ ፅንስ ማቋረጥን ይቃወማል፤ ክርስቲያን ከሆንክ ሌላ ምርጫ የለህም" ብለውሃል። ይህን በቁም ነገር ልመልስልህ፤ ምክንያቱም የእነሱ ሐሳብ ከልብ የመጣ ነው። እኔም ጾሜን አልፈታም፣ ንስሐ አባት አለኝ። ግን ወንበር ላይ ተቀምጬ በፈረድኩባቸው ዓመታት ኃጢአትንና ወንጀልን አንድ አድርጌ አላውቅም። ኃጢአት ለንስሐ አባት ነው። ወንጀል ለዳኛ ነው። ሕግ የሚገዛው የእኔን ሃይማኖት የያዘውን ብቻ አይደለም፤ ሙስሊሙንም፣ ምንም የማያምነውንም ነው። የኛው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ እንኳ ተገዳ ለተደፈረች፣ ሕይወቷ አደጋ ላይ ለወደቀ እናት፣ ልጅ ለማሳደግ ላልደረሰች ልጅ ፅንስ ማቋረጥን ፈቅዷል። ያን ያደረገው እምነት ስለጠፋ አይደለም። ሴቶች በየጓዳው እየሞቱ ስለነበር ነው። ለጓደኞችህ በቁጣ አትመልስላቸው። ግን በመንግሥት ኃይል የሰውን ሕሊና መግዛት ይቻላል የሚል ተወዳዳሪን እኔ አልመርጥም።

ከእኔ ሥራ የምትወስደው አንድ ነገር ቢኖር ይህን ውሰድ። ለአንዱ የጠየቅከውን ለሌላውም ጠይቅ። በተለይ ደግሞ ለምትወደው። እኔ በአንተ ቦታ ብሆን ባይደንን እንደምመርጥ ታውቃለህ። ግን በፈረንጆቹ 1994 ብዙ ጥቁር ወጣት እስር ቤት የከተተውን የወንጀል ሕግ በሴኔት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። በ2002 የኢራቅን ጦርነት ደግፈው እጃቸውን አውጥተዋል። ምክትል ፕሬዝዳንት በነበሩበት ዘመን በሚሊዮን የሚቆጠር ስደተኛ ከአገር ተባሯል። ይህን ሁሉ አስታውሰህ ነው ስማቸው ላይ ምልክት የምታደርገው። ትራምፕም በ2018 መጨረሻ የእስር ቅጣት የሚያቀልል ሕግ ፈርመዋል፤ ጥሩ ሕግ ነው፤ እሱንም ቁጠርላቸው። ልዩነቱ የሚታየኝ ከዚያ በኋላ ነው። ባይደን ባለፈው ሐሙስ ክርክር ላይ ስለ አደንዛዥ ዕፅ ሕጎቹ ሲጠየቁ "ስህተት ነበር" ብለዋል። ትራምፕ እንዲህ ሲሉ ሰምተህ ታውቃለህ?

ስለ አዲሷ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሹመት ግን ዝም ማለት አልችልም። በ2016 ኦባማ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰው ሲያቀርቡ ለምርጫው ስምንት ወር ያህል ቀርቶት ነበር። የሪፐብሊካን ሴናተሮች "የምርጫ ዓመት ነው፤ ሕዝቡ ይወስን" ብለው ሰውየውን ሳይሰሙት ቀሩ። ዘንድሮ የዚያው ፍርድ ቤት ዳኛ ሩት ባደር ጊንስበርግ መስከረም ላይ አረፈች። ያው ፓርቲ ምርጫው ሳምንት ሲቀረው ቦታዋን ለመሙላት እየተሽቀዳደመ ነው። ትራምፕም ይህንኑ ነው የገፉት። እኔ ችሎት ላይ እንዲህ ባደርግ ባለጉዳዩ ድንጋይ ያነሳብኝ ነበር፣ እውነቱንም ነው።

አሁን ወደ ጓዳህ ልግባ። ባለቤትህ ስኳር አለባት። ካዚኖዎቹ መጋቢት ላይ ሲዘጉ ሥራህም ኢንሹራንስህም አንድ ላይ ሄዱ። ያን ጊዜ ስኳር አለባት ብሎ እንዳይመልሳት ኢንሹራንሱን የከለከለው በፈረንጆቹ የ2010ሩ የኦባማ የጤና ሕግ ነው። የትራምፕ መንግሥት ይህ ሕግ ከነጭራሹ እንዲሰረዝ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አመልክቷል። ጉዳዩ የሚሰማው ከምርጫው ሳምንት በኋላ ነው። ትራምፕ የታመመውን እጠብቃለሁ ይላሉ፤ በምትኩ የሚመጣውን ሕግ ግን እስከ ዛሬ አላሳዩም። ባይደን ሕጉን አስፍተው የመንግሥት ኢንሹራንስ እጨምርበታለሁ ይላሉ። ይህን ለማወዳደር ዳኛ መሆን አያስፈልግም። ደግሞም ኢንሹራንስ የሌለው ጎረቤትህንም አስብ፤ ለራሳችን ብቻ አይደለም የምንመርጠው።

ዲቪውንም አትርሳ። አንተ በዲቪ ነው የሄድከው። ትራምፕ ዲቪ ይሰረዝ ሲሉ ቆይተው ዘንድሮ በኮሮና ስም መግቢያውን እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ዘግተውታል። የጎረቤታችን ልጅ ደርሷት፣ ንብረታቸውን ሽጠው ሊሸኟት ሲሉ ጊዜው አለፈባት። እናቷ እስካሁን አልተጽናናችም።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። መስከረም ላይ ጋዜጠኛ ትራምፕን "ብታሸንፍም ብትሸነፍም ሥልጣን በሰላም እንዲተላለፍ ቃል ትገባለህ ወይ?" ሲላቸው "የሚሆነውን እናያለን" አሉ። አንተ በ97 ልጅ ነበርክ። ያኔ ክርክሩን በሬዲዮ እንሰማ ነበር፤ ሰው ሥራውን ትቶ ነው የሚያዳምጠው። ለመምረጥ እስከ ሌሊት ተሰልፈናል። ከውጤቱ በኋላ አዲስ አበባ ላይ የፈሰሰውን ደም ታውቃለህ። ስለዚህ እኔ አንድን ተወዳዳሪ መጀመሪያ የምጠይቀው ሲሸነፍ ምን ያደርጋል የሚለውን ነው። የሚጣፍጥ ፕሮግራም ይዞ ቢመጣ እንኳ ይህን ካልመለሰ ሌላውን አላነብለትም። እናንተ ይህን እንደ ቀላል ስታዩት ይገርመኛል። አሜሪካ ውስጥ ስለምትኖሩ አይደርስብንም ትላላችሁ። እኛም አይደርስብንም ብለን ነበር።

በል እንግዲህ። ፖስታው ላይ መፈረም እንዳትረሳ፤ ምርጫ ቢሮው ካለው ፊርማህ ጋር ያስተያዩታል አሉ። በፖስታ ከላክኸው እስከ ጥቅምት 24 የፖስታ ቤት ማኅተም ሊያርፍበት ይገባል። የባለቤትህን ወረቀት ደግሞ ራሷ ትሙላው። አጠገቧ ቆመህ እንዳታይባት። በትራምፕ በኩል ብትሆንም ጉዳይዋ ነው፤ በዚህ እንዳታኮርፋት፣ ሰምተኸኛል?

ሞልታችሁ ስትጨርሱ ደውሉልኝ። ሌሊትም ቢሆን አነሳለሁ።

እናትህ